ዳር የቆመችውን እዩ

በቡልቡላና በአካባቢዋ ሴቶች ተሰብስበው ሲዘፍኑ የሚያይ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መሪዋ ላይ ነው። ድምፅዋ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሲንቄ የሚባለውን ዘንጓን ቀጥ አድርጋ ይዛለች፤ ግጥሙም የሚወጣው ከእሷ አፍ ነው። የመሪነትን ሙያ ማየት የፈለገ ሰው ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ ያንሳና ወደ ሰልፉ ዳር ይላከው። እዚያ ምናልባት ዘንድሮ በትዳር ወደ መንደሩ የመጣች፣ ዜማውን ገና በቅጡ ያልያዘች ልጅ ቆማለች። እሷ ሳትደናገር ከተቀበለች፣ እግሯም ከሌሎቹ እግር እኩል መሬት ከነካ፣ መሪዋ ባለሙያ ናት። ዳር ያለችው ከተንገዳገደች ግን የፊተኛዋ ድምፅ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው አልተሠራም።

ለዚህ ሙያ ደመወዝ የሚከፍል የለም፤ የሹመት ደብዳቤም አይጻፍለትም። አንዲት ሴት መሪ የምትሆነው ሌሎቹ ሲዘፈን ዞር ብለው እሷን ስለሚፈልጉ ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያ መፈለግ ከየት እንደሚመጣ፣ እጇና ጉሮሮዋ ምን ቢያደርጉ እንደሆነ በቅርብ ለማየት ነው።

ቡልቡላ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ የሚወርደው የጭነት መኪና መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነስቶ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል፤ ውሃው ለመስኖና ለሌላም ሥራ እየተወሰደ መጠኑ ቀንሷል፣ አቢጃታም ከድሮ ዳርቻው ሸሽቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከተማዋ በዜና የምትነሳው በተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከፋብሪካውም ከአስፋልቱም በፊት የነበረው፣ ዛሬም ያለው ነገር ነው፤ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች በራሳቸው መሪነት፣ በራሳቸው ዜማ የሚያቆሙት የሴቶች ጉባኤ።

የጉባኤው ምልክት ሲንቄ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ዘንግ። እናት ልጇን ስትድር ትሰጣታለች። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ነው። ከብት አይነዳበትም፤ ሰውም አይመታበትም። ወንዶች ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አንዲት እናት ሲንቄዋን ይዛ በመካከላቸው ከገባች ጠቡ እዚያው መቆም አለበት፤ እሷን አልፎ የሚማታ ሰው የማኅበረሰቡን ሁሉ ክብር የደፈረ ነው። በገዳ ሥርዓት ውስጥ ወንዶች የሥልጣን በትር የሆነውን ቦኩ እንደሚይዙ ሴቶች ሲንቄ ይይዛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዳን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ስሙ ከፍ ብሎ የተጠራው አባ ገዳ ነው፤ ሲንቄ የሚይዙት እናቶች፣ ሀደ ሲንቄዎቹ፣ ግን ከጎኑ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ዛሬ አንድ ባንክ እንኳ በዚሁ ዘንግ ስም ይጠራል።

ዘንጉን ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። አንድ ያረጀ ሲንቄ ላይ ቅቤ የጠጣው እንጨት ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል፤ ጣቶች ዘወትር የሚያርፉበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ይወዛል። ቅርንጫፍ የነበረባት ቦታ ወደ ብርሃን ካላዞሩት አትታይም። ቀጥ ማለቱ ግን ከቢላዋ የመጣ አይደለም፤ ጎባጣ እንጨት ተጠርቦ ቀጥ ቢል እንኳ ሲደርቅ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ቀጥ ያለው ገና ዛፉ ላይ ሳለ ተመርጦ ነው የሚቆረጠው። የሠራው ሰው ትልቁን ሥራ የጨረሰው እንጨቱን ሳይነካ በፊት፣ በዓይኑ ነው። የሴቶቹም አመራር እንዲሁ ከዜማው በፊት ይጀምራል።

በዚያ አገር ሰርግ ሲደርስ የምትመራዋ እናት ቀደም ብላ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ሐዘን ላይ ያለችው የትኛዋ ናት? ገና ከአራስ ቤት ያልወጣችውስ? ጉሮሮዋን ያመማት፣ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ቅሬታ ያላት፣ ከጎረቤቷ ጋር የተኳረፈችው? ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ሰልፉን ትሠራለች። የተኳረፉትን ጎን ለጎን አታቆምም፤ ተራርቀው ኩርፊያቸው እንዲታይም አታደርግም፤ መካከላቸው ሁለቱም የሚያከብሯትን ሴት ታስገባለች። ድምፀ ጎላ የሆኑትን አንድ ቦታ አታከማችም። ይህን ሥራ ማንም በቪዲዮ አይቀርጸውም። ቪዲዮ ቀራጩ ሲመጣ ሰልፉ ቆሟል፤ የቆመበትን ብልሃት የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

በአንድ እንዲህ ባለ ሰርግ ላይ ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ አንዲት እናት ስትመራ አይቻለሁ። ሞንታርቦው ሲጮህ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ዲጄው ዘፈን ሊቀይር ሲል በተገኘችው አጭር ክፍተት ተነሳች፤ ዲጄውንም አላስቆመችውም፣ እሱ ራሱ ገብቶት ድምፁን ዘጋ። አልጮኸችም። በጣም ዝቅ ካለ ቦታ ጀመረች፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ጆሯቸውን ማዘንበል ነበረባቸው። ዝቅ ማለቷ ለእኔ የሙያዋ የመጀመሪያ ማስረጃ ነው። ልምድ የሌላት መሪ በጋለ ስሜት ከላይ ትጀምርና አራተኛው ግጥም ላይ መውጫ ታጣለች፤ አሮጊቶቹም አብረዋት መውጣት ስለማይችሉ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ይቺኛዋ ከታች በመጀመሯ የሰባ ዓመቷም የአሥራ ስምንት ዓመቷም እኩል ቦታ አገኙ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ አንዱ ለሚያውቁት፣ ሁለተኛው ለማያውቁት።

ከዚያ ዘንጉን ማየት ጀመርኩ። እግሯ ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሲንቄው ጫፍ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ያዘነብላል። ዘንበል የምትለው ትንሽ ናት፤ ዜማ ብቻ የሚሰማ ሰው ልብ አይላትም። ሰልፉ ግን በዓይኑ ጥግ ያያታል። ስለዚህ ሴቶቹ የሚራመዱት እርምጃዋን ተከትለው ሳይሆን አብረዋት ነው። ተከትለው ቢሆን ኖሮ ከፊት እስከ ኋላ አንድ መዘግየት ይታይ ነበር፤ አልታየም። ትከሻውም አንገቱም በአንድ ጊዜ ነበር የሚመለሰው።

መሀል ላይ የዳሩ ቅብብል ሳሳ። ሸማኔ ክር ሲላላ ዓይኑን ሳያነሳ በእጁ እንደሚያውቀው እሷም ሳትዞር አወቀችው። አዲስ ግጥም ለመጀመር አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችውና የቀድሞውን ደገመች። እየደገመች ወደ ዳሩ ተራመደች፤ ከአንዲት ልጅ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ልጅቷን አላየቻትም። ፊቷን ወደ ሙሽሮቹ አድርጋ ተቀባዮቹ የሚሉትን እሷም አብራ አለች፤ የመሪዋን ሳይሆን የተቀባይዋን። ሁለት ዙር እንደዚያ ቆማ ልጅቷ ድምፅ ስታገኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያቺ ልጅ መታረሟን ድንኳኑ ውስጥ የተረዳ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ብዙ አስተማሪ፣ ብዙ አሠልጣኝ፣ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ሰውን ሳያሳፍር የሚያርም ግን ጥቂት ነው። በዜማ መሀል፣ ዜማው ሳይቋረጥ፣ ሦስት መቶ ሰው እያየ እንዲህ ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው።

ግጥሟም ሚዛን ነበረው። የሙሽራዋን እናት ካነሳች የሙሽራውን ወገን ታስከትላለች፤ ከሩቅ የመጣችውን አክስት ካመሰገነች ማለዳ ተነስታ እሳት ያነደደችውን ጎረቤት አትረሳም። ሰርግ ላይ ሳይጠራ የቀረ ወገን ለዓመታት ቂም ይይዛል፤ እሷ ደግሞ ግጥሙን የምታወጣው እዚያው፣ ቆማ፣ ያለ ወረቀት ነው። ሲደክማት አቆማለሁ አላለችም። የስንኟን መጨረሻ አሳጥራ ፊቷን ወደ አንዲት ጓደኛዋ አዞረች፤ ጓደኛዋም ተቀበለቻት። በመካከል አየር የገባበት ቦታ አልነበረም።

ይህ ሙያ ከሰርግ ይልቅ በብርቱ የሚፈተነው አቴቴ ላይ ነው። ብዙ የአማርኛ አንባቢ አቴቴ ሲባል ከዛርና ከቆሌ ጋር ያያይዘዋል። በአርሲ ግን ሴቶች ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታጣ በዜማ ዋቃን (አምላክን) የሚለምኑበት፣ የተበደለች ሴትም ፍትሕ የምታገኝበት ጉባኤ ነው። ክብሯ የተደፈረ ሴት፣ ለምሳሌ ገና አራስ ሳለች ባሏ የመታት፣ የሲንቄዋን ጩኸት ታሰማለች። የሰሙት ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ማርታ ኩዌ ኩምሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህ ጩኸት፣ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው አብረው የሚወጡበት ስደት፣ እርግማንና ምርቃት የአንድ ተቋም ክፍሎች መሆናቸውን አሳይተዋል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሌይላ ቃሹ ደግሞ በካናዳ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የዶክትሬት ሥራቸውን የጻፉት በዚሁ በአርሲ ሴቶች አቴቴ ላይ ነው፤ ዜማውን የፍርድ ሂደቱ ጌጥ አድርገው ሳይሆን ሂደቱ ራሱ አድርገው ነው ያጠኑት። ትክክል ናቸው። ዜማው ከተወሰደ የሚቀር ፍርድ የለም።

በበዳዩ ቤት ደጃፍ ላይ የሚወርደው ስድብ በዜማ የሚወርድ ስድብ ነው። እዚህ ላይ የመሪዋ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ከኋላዋ የቆሙት የተቆጡ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዷም የራሷን ያልተነገረ በደል ይዛ ነው የመጣችው። ቁጣው ዜማውን ካመለጠ ጉባኤው ሁካታ ይሆናል፣ በዳዩም ሰበብ ያገኛል። ቁጣው ከቀዘቀዘ ደግሞ ሰውዬው በሩን ዘግቶ ይተኛል። መሪዋ ሁለቱንም ሳትፈቅድ፣ ሽማግሌዎች መሀል እስኪገቡ፣ ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅና ካሣው እስኪቀርብ ድረስ ዜማውን ታቆያለች። ካሣው ብዙ ጊዜ ጊደር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከሁሉም ያስደንቀኛል። የተሳደቡት ሴቶች መመረቅ አለባቸው። እርቁ የሚጸናው ያው አፍ ሲመርቅ ነው፤ ደግሞም ከልብ ሲመርቅ። ከስድቡ ዜማ ወደ ምርቃቱ ዜማ መሻገር እንዴት ያለ ሥራ ነው! ቶሎ ከተሻገረች የተበደለችው ሴት የተካደች ይመስላታል። ከዘገየች ምርቃቱ የግድ ይመስላል። መሪዋ የሴቶቹን ትንፋሽ እየሰማች፣ የተበዳይዋን ፊት እያየች፣ ማን ገና እንዳልበረደላት እየለየች ነው የምትሻገረው። ፍርድ ቤት ውስጥ ይህን የሚሠራ ባለሙያ የለም፤ ዳኛው ፈርዶ ይነሳል፣ ባለጉዳዮቹም ቂማቸውን ይዘው በየበኩላቸው ይሄዳሉ።

ሴት ሴትን የምትመራበት፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ የዳንስ ሙያ በሌላ ዓለምም አለ፤ አገሩም ታሪኩም የተለየ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር ሆነው ዋልትዝና ታንጎ የሚደንሱ ማኅበረሰቦች አሉ። የመሠረቷቸው በብዛት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው። ውድድራቸው እ.ኤ.አ. በ1998 አምስተርዳም ላይ በተደረገው ጌይ ጌምስ በሚባለው የስፖርት ውድድራቸው ውስጥ ተካትቷል፤ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኤፕሪል ፎሊስ የሚባል ውድድር ተካሂዷል። የባልሩም (የጥንድ ዳንስ) ውድድር ደንብ ጥንድን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብሎ ይፈታ ስለነበር ቦታ ያገኙት ራሳቸው አዳራሽ ተከራይተው፣ ራሳቸው መዝግበው፣ ራሳቸው ወንበር ደርድረው ነው። የብሪታንያ የዳንስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያንኑ ፍቺ በደንብ ለማጽናት ሐሳብ ቀርቦለት ብዙ ክርክር ተነሳ። የአሜሪካው ብሔራዊ የዳንስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ፍቺውን ቀየረ፤ ጥንድ ማለት አንዱ የሚመራ፣ ሌላው የሚከተል ሁለት ሰው ሆነ። እዚያ የደረሱት ለዓመታት በፈቃደኝነት በሠሩ ሰዎች ድካም ነው።

የቡልቡላዋ እናትና የኦክላንዷ ደናሽ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የማነጻጽረው የእጃቸውን ሥራ ነው። ባልሩም ላይ መሪው ባልደረባውን በእጁ ጎትቶ አይወስድም፤ እርምጃው ከመነሳቱ በፊት የደረቱ ክብደት ያዘነብላል፣ ተከታዩም ያንን አንብቦ አብሮ ይነሳል። የሲንቄው ጫፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በእነዚህ ማኅበረሰቦች ዘንድ የመሪነት ቦታ በፆታ የተደለደለ ስላልሆነ ሁለቱ በአንድ ዳንስ መሀል መሪነቱን መቀያየር ይችላሉ። የእጅ አያያዝ ይለወጣል፣ ክብደት ይዛወራል፣ ሙዚቃው ግን አይጠብቃቸውም። ጎበዞቹ ሲቀያየሩ የቱ ላይ እንደተቀያየሩ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። መሪነቱን የሰጠው ሰው ወዲያው ጥሩ ተከታይ መሆን አለበት፤ ግማሹን እጁ ላይ ካስቀረ ሁለቱም ይደናቀፋሉ።

በእኛ አገር ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ መጨፈር ማንም ልብ የማይለው የዘወትር ነገር ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በየሰፈሩ የቡሄ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ይመጣሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከሦስት ቀን በኋላ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እያሉ ልጃገረዶች ብቻቸውን ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አውራጅ የሆነ ልጅ በዚያ ዕድሜው ስንት ነገር እንደሚማር የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ በየትኛው በር መቆም እንዳለበት፣ የደከመውን ትንሽ ልጅ የት እንደሚያስገባው፣ የተገኘውን ሳንቲም እንዴት እንደሚያካፍል። እኛ ውጤቱን ባህል ብለን እናልፈዋለን፣ የሠራውን እጅ ግን አናየውም። ተመልካች በቴሌቪዥን የአርሲን ጭፈራ ሲያይ የሚያደንቀው አንገቱንና ዝላዩን ነው። ያ ጭፈራ መድረክ ላይ ሲወጣ በባለሙያ አሠልጣኝ ተቀናብሮ፣ ተቆጥሮ፣ ተለክቶ ነው፤ ያምራል፣ አልክድም። ያልተለማመዱ፣ ዕድሜያቸው የተለያየ፣ ግማሾቹ ደግሞ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሴቶችን በአንድ ቀን አንድ ድምፅ የምታደርገው እናት ሥራ ግን ከዚያ ይበልጥ ይከብዳል።

ሙያው እየተጎዳ መሆኑም መነገር አለበት። ከእስልምናም ከፕሮቴስታንትም በኩል አቴቴ ከእምነት ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ፤ ሲንቄያቸውን ቤት አስቀምጠው የቀሩ እናቶችም አሉ። ሰርጉን ሞንታርቦው ይወስደዋል። በአንጻሩ ሀደ ሲንቄዎች አሁን በየስብሰባው የክብር ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ይህን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘንግ መያዝና ሰልፍ መምራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ካልተሠራበት ይጠፋል።

በዚያ ሰርግ ላይ ግን ሲተላለፍም አይቻለሁ። ወደ ማታ እናትየዋ ዜማውን ለአንዲት ወጣት ሰጠቻት፤ ልጅቷም እንደ ጀማሪ ሁሉ ከላይ ጀመረች። እናትየዋ አላስቆመቻትም። ተቀባዮቹ መሀል ገብታ ቆመችና ቅብብሉን በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ዝቅ አደረገችው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ከእሷ ጋር አወረዱ፤ መሪዋ ልጅም ተቀባዮቿን ለመግጠም ሳይታወቃት ወረደች። ሦስተኛው ዙር ላይ ዜማው ሁሉም የሚደርስበት ቦታ አረፈ። ልጅቷ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ አራተኛው ላይ ከራሷ አንድ ስንኝ ጨመረች፣ ሴቶቹም በእልልታ ተቀበሏት። እናትየዋ ከሰልፉ ወጥታ ምግብ ወደሚቀርብበት ሄደች። ገና ያልበሉ ሴቶች ነበሩ።